«ወሩን ስንት ነው?»፦ አዲስ ትንሽ ክሮስኦቨር መኪና በእውነት የሚያስወጣው

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ከአንድ ዲለር (የመኪና መሸጫ) ግቢ ሆና ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አዲስ መኪና ልፈርም ነው። ወሩን 436 ዶላር ብቻ አሉኝ፤ ጥሩ አይደል?» መኪናው ራሱ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ለስንት ዓመት ነው? «ሰባት መሰለኝ።» ወለዱስ? «እሱን እንኳ አላየሁትም። ግን ሻጩ ያገር ልጅ ነው፤ አይዞሽ ብሎኛል።»

ልስቅባት አልቻልኩም፤ እኔም የመጀመሪያዬን መኪና የገዛሁት እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች አዲስ መኪና ስናይ የምንጠያየቀው «ወሩን ስንት ገባልህ?» ብለን ነው። ሻጩም ገና ስትቀመጡ «በወር ስንት ትችላላችሁ?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲገናኙ የመኪናው ዋጋ የሚባለው ነገር ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ ያንን የጠፋ ዋጋ ፈልጎ ለማውጣት ነው። ስሌቱን የምሠራው በቨርጂኒያ ነው፤ ሜሪላንድ የሚለይበትን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

ትንሽ ክሮስኦቨር ማለት ከፍ ተደርጎ የተሠራ የቤት መኪና ነው። ቶዮታ ኮሮላ ክሮስ ከኮሮላ፣ ሱባሩ ክሮስትሬክ ከኢምፕሬዛ፣ ሆንዳ ኤችአር-ቪ ከሲቪክ ጋር የተዛመዱ ናቸው። ልጅ ወንበሩ ላይ ለማሰር ወገብ አያጎብጡም፣ ጭነት ይይዛሉ፣ ነዳጅ አይጨርሱም። ስለዚህ ሰው ቢወዳቸው አይፈረድበትም።

መስታወቱ ላይ ያለው ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ሁሉ መስታወቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ነው ለሽያጭ የሚቆመው። የሻጩ ደግነት አይደለም፤ በ1958 የወጣ ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉን ያቀረቡት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስለነበሩ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ፋብሪካው የተመነውን ዋጋ፣ እዚያው የተገጠሙትን ተጨማሪ ዕቃዎችና መኪናውን እስከ ዲለሩ ያደረሰበትን የማጓጓዣ ሒሳብ ዘርዝሮ ይይዛል። ማጓጓዣው ብቻውን ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ከዚህ ጀምሮ» የሚለው ዋጋ ግን ብዙውን ጊዜ እሱን አያካትትም።

አንዳንድ ግቢ ከዚህ ወረቀት ጎን ሌላ ታገኛላችሁ። መልኩ ስለሚመሳሰል ሰው አንድ ይመስለዋል፤ ይኼኛው ግን የዲለሩ ነው። የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስታ በላከችልኝ ላይ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ የሻሲ ቁጥር፣ ጎማ እንዳይሰረቅ የሚያደርግ ብሎን እና ጎማው ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን ሰፍሯል። ድምር 1,500 ዶላር። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የቀረችውን ለማሟላት ይሆናል እንግዲህ።

አሁን እንደምር። ቁጥሮቹን ለአያያዝ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። መስታወቱ ላይ ከነማጓጓዣው 29,000 ዶላር አለ። የዲለሩ ተጨማሪ 1,500። ከዚያ «ዶክ ፊ» የሚሉት የወረቀት ሥራ ክፍያ ይመጣል። ቨርጂኒያ ለዚህ ጣሪያ ስላላበጀች እነሱ ዘንድ 900 ነበር፤ ሜሪላንድ በ800 ዘግታዋለች። ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ ታክስ። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ትወስዳለች፣ በእኛ ሒሳብ ወደ 1,300 ዶላር። አሮጌ መኪናችሁን ለዲለሩ ብታስረክቡም የቨርጂኒያ ታክስ የሚሰላው በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ 6.5 በመቶ ስለሆነች እዚያ ይኸው መኪና ከ2,000 ዶላር በላይ ታክስ ይኖረዋል። ታይትል (አገር ቤት ሊብሬ የምንለው) እና ታርጋ ሲጨመሩ 100 ገደማ።

መስታወቱ ላይ 29,000 የነበረው ግቢውን ሳይለቅ 32,800 ሆነ ማለት ነው።

ሰው መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፦ «ከነሁሉ ነገሩ፣ ቁልፉን ይዤ ስወጣ ስንት?» ሻጮቹ «አውት ዘ ዶር» ይሉታል፤ ያንን ቃል ስትጠቀሙ ቶሎ ይገባቸዋል። እኔ የምመክረው በአካል ከመሄድ በፊት ለሦስት አራት ዲለር በኢሜይል መጻፍ ነው። ምክንያቱም እኛ ይሉኝታ ይይዘናል። ሰውየው ቡና አምጥቶ፣ መኪናውን አብሮን ነድቶ፣ ስለ ልጆቻችን ጠይቆ፣ ሁለት ሰዓት ከዋለ በኋላ «አይ፣ ተወደደብኝ» ማለት ያሳፍረናል። ያገር ልጅ ሲሆንማ ጭራሽ። ያገር ልጅ መሆኑ መልካም ነው፣ ቋንቋውም ያግባባል፤ ግን ብዙዎቹ ሻጮች የሚከፈላቸው በኮሚሽን ነው፤ ዶክ ፊውንም እሱ አያነሳውም። ኢሜይል ደግሞ ይሉኝታ የለውም።

436 ከየት መጣ?

የአክስቴ ልጅ እቁብ ነበራት፤ 24 ሰው በሳምንት 200 ዶላር ይጥላል። ዕጣው ደርሷት 4,800 ይዛ ነው የሄደችው። ያንን ቅድሚያ ከፍላ 28,000 ቀረባት። ወለዱ 8 በመቶ፣ ዘመኑ 84 ወር። ወሩ 436 ይሆናል፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ማንም አልዋሻትም።

ግን ያንኑ 28,000 በዚያው 8 በመቶ በ60 ወር ብትከፍለው ወሩ 568 ይሆንና ጠቅላላ ወለዱ 6,064 ዶላር ነው። በ72 ወር ወሩ ወደ 491 ይወርዳል፣ ወለዱ 7,347 ይደርሳል። በ84 ወር ወሩ 436፣ ወለዱ 8,659። ወሩ እየቀለለ በሄደ ቁጥር መኪናው እየተወደደ ይሄዳል። ሻጩ «በወር ስንት ትችያለሽ?» ብሎ መልሷን ካገኘ በኋላ ማድረግ የሚጠበቅበት ያ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ወሩን መለጠጥ ብቻ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዲለሩ ብድሩን የሚያገኘው ከባንክ ነው። ባንኩ ለምሳሌ «ለዚች ሰው በ6 በመቶ እሰጣለሁ» ሲል፣ ዲለሩ ውሉ ላይ 8 ሊጽፍ ይችላል። ልዩነቱ ወይም አብዛኛው ወደ እሱ ኪስ ይገባል። ሕገ ወጥ አይደለም፤ አበዳሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ወይም 2.5 ነጥብ ድረስ ይፈቅዱለታል። በ28,000 ላይ ለ60 ወር ሲሰላ በ6 በመቶ ወሩ 541፣ በ8 በመቶ 568 ነው። የ27 ዶላር ልዩነት ማንን ያስደነግጣል? ውሉ ሲያልቅ ግን 1,585 ዶላር ሆኗል።

መፍትሔው ወደ ዲለሩ ከመሄዳችሁ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (ከብድርና ቁጠባ ማኅበር) ወይም ከባንካችሁ የተፈቀደ ብድር ይዞ መሄድ ነው። ከዚያ ዲለሩ «እኔ አሻሽልላችኋለሁ» ካለ ያሻሽል። «ክሬዲቴ በየቦታው ሲታይ ይወርዳል» ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። በ14 ቀን ውስጥ ለመኪና ብድር የተደረጉ ጥያቄዎች በክሬዲት ስኮሩ (ዕዳ አከፋፈላችሁ ታይቶ በሚሰጣችሁ ነጥብ) ስሌት እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት፤ ስለዚህ ማመልከቻዎቹን በአንድ ሁለት ሳምንት ሰብሰብ አድርጎ መጨረስ ነው።

ወለዱ ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይ ይቀነስ ይሆናል። በ2025 በወጣው የግብር ሕግ መሠረት ከ2025 እስከ 2028 ድረስ፣ ለግል መጠቀሚያ በተገዛ አዲስ መኪና ላይ የተከፈለ ወለድ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ከገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ገቢያቸው ከ100,000 (ባልና ሚስት አብረው ካስገቡ ከ200,000) ለሚበልጥ ቅናሹ እየሳሳ ይሄዳል። ቁልፉ መኪናው አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መሆን አለበት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንንሾቹ ክሮስኦቨሮች ይለያያሉ። ኮሮላ ክሮስ አላባማ፣ ሃንትስቪል ነው የሚሠራው። ኤችአር-ቪ ከሜክሲኮ፣ ሼቭሮሌ ትራክስ ከደቡብ ኮሪያ ይመጣሉ። የሻሲ ቁጥሩ በ3 ከጀመረ ሜክሲኮ፣ በኬ ከጀመረ ኮሪያ፣ በጄ ከጀመረ ጃፓን ነው። ብዙ ተስፋ አታድርጉበት ግን። በመጀመሪያው ዓመት 2,000 ዶላር ያህል ወለድ ብትከፍሉና የግብር እርከናችሁ 12 በመቶ ቢሆን የምታተርፉት 240 ዶላር ነው።

«ፈርምልኝ»

በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል በቅርቡ የመጣ ሰው የክሬዲት ታሪክ የለውም። ባንኩ ወይ ይከለክለዋል ወይ ከባድ ወለድ ይጭንበታል። ያኔ ዘመድ ዘንድ ይደወላል፦ «ፈርምልኝ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ።» አገር ቤት ዋስ መሆን ከባድ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ስንመጣ ግን ፊርማ ብቻ መስሎን ቀለል እናደርገዋለን።

አብሮ የፈረመ ሰው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ባንኩ መጀመሪያ ዋናውን ተበዳሪ ማሳደድ እንኳ አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። ይህንን የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ለዋሱ መሰጠት እንዳለበት የፌዴራል ደንብ ያዛል፤ እኛ ግን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ገልበጥ አድርገን እናልፈዋለን። አንድ ክፍያ በ30 ቀን ካለፈ የሁለቱም ክሬዲት ይበላሻል። ካላለፈም ዕዳው የዋሱ ሪፖርት ላይ ስለሚታይ፣ በዓመቱ ቤት ልግዛ ሲል የቤቱ ባንክ ያንን የመኪና ክፍያ በእሱ ላይ ይቆጥርበታል። ስሙ ታይትሉ ላይ ከሌለ ደግሞ የመኪናው ባለቤት አይደለም፤ ዕዳው ብቻ ነው የእሱ። ሁለት ቤተሰብ በዚህ ተኳርፎ ሠርግ ላይ በተለያየ ጠረጴዛ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ክፍል

ዋጋው ካለቀ በኋላ «አሁን ፋይናንስ ክፍል ገብታችሁ መፈረም ብቻ ነው» ይባላል። መፈረም ብቻ አይደለም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁለተኛው ሻጭ ነው፤ የሚሸጠውም ወረቀት ነው። ሰዓቱ መሽቷል፣ ልጅ ርቦታል፣ ሰው ደክሞታል።

እኔ በገዛሁ ጊዜ ሰውየው ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ የተራዘመ ዋስትና «በወር 37 ዶላር ብቻ» አለኝ። ዋጋው ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ቤት ገብቼ ነው ያየሁት፦ 2,400 ዶላር፤ በ84 ወር ከነወለዱ ከ3,100 በላይ። አዲስ ቶዮታ ወይም ሆንዳ ቀድሞውኑ ለጠቅላላው መኪና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል የፋብሪካ ዋስትና አለው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። ደግነቱ እንዲህ ያሉ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ሊሰረዙ ይችላሉ። ጽፌ ሰረዝኩት፤ ገንዘቡ ወደ እጄ ሳይሆን ወደ ብድሩ ነው የተመለሰው፣ ወሩም አልቀነሰ። ቢሆንም ዕዳው ወረደ።

«ሦስት ቀን አለኝ፣ ካልወደድኩት እመልሳለሁ» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዲለር ግቢ ውስጥ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ላይ ዲለሮች ሙሉውን ዋጋ ቀድመው እንዲናገሩና የማይጠቅም ተጨማሪ እንዳይጭኑ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል በጥር 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ጠባቂያችሁ ራሳችሁ ናችሁ።

ቁልፉ ከተሰጣችሁ በኋላ

አሮጌ መኪና ስትነዱ ሌላውን ሰው ብቻ የሚክስ ኢንሹራንስ ይበቃችሁ ይሆናል። ብድር ያለበት መኪና ላይ ግን ባንኩ ሙሉ ሽፋን ያስገድዳል። የአክስቴ ልጅ ለአሮጌው ኮሮላዋ በወር 95 ትከፍል ነበር፤ ለአዲሱ የጠየቁት 210 ነው። ይህንን ከመፈረም በፊት ለኢንሹራንሱ ደውሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው። ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ ከሆነ ለእሱ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛችሁ ተራው ኢንሹራንስ ሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ ላይከፍል ይችላል።

ቨርጂኒያ ደግሞ «ካር ታክስ» አላት። መኪናውን ስትገዙ ከከፈላችሁት ታክስ የተለየ ነው፤ በየዓመቱ በካውንቲው ወይም በከተማው ይመጣል። አርሊንግተን ከ100 ዶላር ዋጋ ላይ 5 ዶላር ነው የሚያስከፍለው። መኪናው 24,000 ነው ከተባለ 1,200 ዶላር ይሆናል፤ ለመጀመሪያው 20,000 ዋጋ ከፊሉ ስለሚቀነስ ከዚያ ይወርዳል፣ በወር 80 እንያዝለት። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የተለመደው የመክፈያ ቀን ኦክቶበር 5 ነው፤ የመስቀል ደመራ በተለኮሰ በሳምንቱ ገደማ። ሜሪላንድና ዲሲ ለግል መኪና ይህ የላቸውም፤ የሜሪላንድ 6.5 በመቶ ከባድ ቢመስልም በአምስት ዓመት ሲታይ ሚዛኑ ወደዚያ ሊያጋድል ይችላል።

ነዳጅ፦ በዓመት 15,000 ማይል ነድታችሁ፣ በጋሎን 30 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 3 ዶላር ከ20 ቢሆን 1,600 ዶላር፣ በወር 133። ለዘይት፣ ለጎማና ለፍሬን በወር 50 ብናስቀምጥ፣ «436 ብቻ» የነበረው 909 ሆነ።

ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪም አለ፤ መኪናው ራሱ የሚጥለው ዋጋ። አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት 20 በመቶ ያህል፣ በአምስት ዓመት ግማሽ ገደማ ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል፤ ቶዮታ፣ ሆንዳና ሱባሩ ይሻላሉ። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ባለቤትነት ምን እንደሚያስወጣ ያሰላል፤ ለአዲስ መኪና በ2025 አማካዩ በዓመት 11,577 ዶላር ነበር፣ በ2024 ደግሞ 12,297። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ነዳጅም ኢንሹራንስም ሳይሆን ይህ የዋጋ መውደቅ ነው።

በአክስቴ ልጅ ውል እንየው። ዓመት ሙሉ 436 ስትከፍል ቆይታ ዕዳዋ 24,890 ነው። መኪናው 23,200 ያወጣል። ያን ጊዜ አንድ ሰው መብራት ጥሶ መቷት መኪናው ቶታል (ከጥገና ውጪ) ቢባል ኢንሹራንስ የሚከፍለው መኪናው የሚያወጣውን ነው። የጎደለውን 1,690 ዶላር ለሌለ መኪና ትከፍላለች፤ በራሷ ኢንሹራንስ ከሄደች ደግሞ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከራሷ ኪስ የምትከፍለው) ይጨመርበታል። «ጋፕ» የሚሉት ሽፋን ለዚህ ነው፤ ረጅም ብድር ለወሰደ ሰው ይጠቅማል። ፋይናንስ ክፍሉ በመቶዎች ይሸጠዋል፤ ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ክሬዲት ዩኒየኖች በጣም ባነሰ ይሰጡታል።

ያን ቀን ስልኩን ሳትዘጋ «ሽንት ቤት ልሂድ ብለሽ ውጪ» አልኳት። ወጣች። በሳምንቱ ከክሬዲት ዩኒየን በ6 በመቶ ተፈቀደላት። ለአራት ዲለር ጻፍን፤ ሁለቱ «መጥተሽ እንነጋገር» አሉ፣ አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ ሙሉ ዋጋውን በአንድ መስመር ጻፈ። ያው ዓይነት መኪና፣ ናይትሮጅን የሌለው፣ ከነማጓጓዣው 28,300፤ ከነታክሱና ከነዶክ ፊው 30,512። የእቁቡን 4,800 ከፍላ 25,712 ተበደረች፣ ለ60 ወር።

«ወሩ ግን ጨመረብኝ እኮ ጋሼ» አለችኝ ስትፈርም። ጨምሯል፤ 497 ሆኗል። ለባንኩ በጠቅላላ የምትከፍለው 29,825 ዶላር ነው፤ በመጀመሪያው ውል 36,659 ነበር። የመጨረሻው ክፍያዋም በ2032 ሳይሆን በ2030 ነው።